ሪፖርት ለማቅረብ ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ይመክሩኛል?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በጣና ሐይቅ የእምቦጭ ክትትል ላይ የምሠራ የ29 ዓመት ባለሙያ ነኝ። መረጃ መሰብሰቡም ሪፖርት መጻፉም አይከብደኝም። ቆመሽ አቅርቢ ስባል ግን ልቤ ይመታል፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔን ከስላይዱ ላይ መንቀል ያቅተኛል። ባለፈው ሩብ ዓመት 34 ስላይድ ይዤ ቀርቤ ገና አንድ ሦስተኛውን ሳልጨርስ ሰብሳቢው ‹ሰዓት አልቋል፣ ወደ ማጠቃለያው ግቢ› አሉኝ። ዋናው ጉዳዬ የማጨጃ ማሽኑ መለዋወጫ ነበር። 29ኛው ስላይድ ላይ ስለነበረ ሳልናገረው ወረድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ለቢሮ ኃላፊዎች፣ ለወረዳ አመራሮች፣ ለአጋር ድርጅቶችና ለአሳ አስጋሪዎች ማኅበር ተወካዮች እንደገና አቀርባለሁ። 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ስላይዴ በእንግሊዝኛ ነው፣ ንግግሬ በአማርኛ። ጓደኛዬ ደግሞ የልብ ምት የሚቀንስ ክኒን ዋጪ ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ስለ ድምፅሽ የጻፍሽውን በሚገባ አንብቤዋለሁ፣ እመለስበታለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን መለዋወጫው 29ኛው ስላይድ ላይ መቀመጡ ነው። ያን ቀን ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ «ማሽኑ ቆሟል፣ ይህ ዕቃ ያስፈልገዋል» ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ ጉዳይሽ ለውይይት ይቀርብ ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው እንኳ በአንቺ ቅደም ተከተል ቢናገር መለዋወጫውን ሳያነሳ ነበር የሚወርደው። ስለዚህ ከፍርሃቱ በፊት ቅደም ተከተሉን እናስተካክል። ሲስተካከል ፍርሃቱም እንደሚቀንስ ብዙ ባለሙያዎችን ሳሠለጥን አይቻለሁ፤ ምን ለማለት እንደቆመ የሚያውቅ ሰው የሚይዘው ነገር አለው።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ሪፖርት ቅርፁ የታወቀ ነው። መግቢያ፣ ዓላማ፣ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች፣ ቀጣይ አቅጣጫ። ለፋይል ይህ መልካም ቅርፅ ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚፈልገውን በየርዕሱ ያገኛል። ችግሩ ይህንኑ ሰነድ ቆርጠን ስላይድ ላይ እንለጥፍና ከላይ እስከ ታች እናነበዋለን። ተሰብሳቢው ሰነዱን በእጁ ይዟል፣ በዓይኑ ከአንቺ ቀድሞ ሄዷል። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚለው ርዕስ ላይ ስትደርሺ ሻይ ሰዓት ደርሷል። ሰነዱን ሰነድ አድርገሽ ተዪው፤ አባዝተሽ አድዪ። ንግግርሽን ግን ከባዶ ወረቀት ጀምሪ።

ባዶው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምትጽፊው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ከአዳራሹ ሲወጡ ምን ወስነው እንዲወጡ ነው የምፈልገው? ካንቺ ደብዳቤ ተነስቼ ስሞክረው እንዲህ ይመጣል፦ «የማሽኑ መለዋወጫ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተገዛ፣ ክረምቱ ወጥቶ አረሙ ሲስፋፋ ማሽኑ እንደቆመ ይደርስበታል።» ወሩንና ዕቃውን አንቺ አስተካክዪው። ሌላው ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚደግፍ ከሆነ ይግባ፤ ካልደገፈ የታተመው ሰነድ ላይ ይቅር። ባለፈው ጊዜ ያቀረብሽበት መክፈቻ «በሦስተኛው ሩብ ዓመት በእምቦጭ አረም ክትትልና ቁጥጥር ዙሪያ የተከናወኑ ዋና ዋና ተግባራትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ» የሚል ዓይነት እንደነበር እገምታለሁ፤ ሁላችንም የምንጀምረው እንደዚያ ነው። በእሱ ቦታ ይህን አስቢው፦ «የተከበራችሁ የቢሮ ኃላፊዎች፣ የወረዳ አመራሮች፣ የማኅበሩ ተወካዮች፣ እንደምን አደራችሁ። ዛሬ አንድ ውሳኔ ልጠይቃችሁ ነው የቆምኩት። የማጨጃ ማሽናችን ቆሟል። የጎደለው ይህ ዕቃ ነው። እስከ ሰኔ ካልገዛነው መስከረም ላይ በእጅ እንነቅላለን። ለምን እንደሆነ በ10 ደቂቃ ላስረዳ።» የማዕረግ ሰላምታውን አልሰረዝኩትም፤ አክብሮት ነው፣ ይገባቸዋል። አንድ ጊዜ በቅደም ተከተሉ በያቸው፣ ከዚያ ወደ ጉዳይሽ ግቢ። «ብዙም ጊዜ አላገኘሁም»፣ «ካለኝ የጊዜ ጥበት አንጻር» የሚሉትን ግን ጨርሶ ተያቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። ስብሰባዎቻችን ዘግይተው እንደሚጀምሩ ታውቂያለሽ። የመክፈቻ ንግግሩ ይረዝማል፣ የተሰጠሽ 15 ደቂቃ ወደ 7 ሊወርድ ይችላል። ጥያቄሽ መጀመሪያ ላይ ከተነገረ የትም ቦታ ቢያቋርጡሽ አትከስሪም። ስለዚህ ንግግሩን ለ12 ደቂቃ አዘጋጂው፤ የ5 ደቂቃ አጭር ቅጂም ከጎኑ ይኑርሽ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልትለማመጂው ወደሚገባ ነገር ልምጣ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ማን እንዳደረገው፣ መደረግ አለመደረጉ፣ ሁሉም እዚያ የመጨረሻው ቃል ውስጥ ነው ያለው። ጽሑፍ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ አንባቢ ዓይኑን ወርወር አድርጎ መጨረሻውን ያያል። አድማጭ ግን መጠበቅ አለበት። ይህን እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፦ «በእቅድ ተይዘው ከነበሩ ተግባራት መካከል የማጨጃ ማሽኑን መለዋወጫ በግዥ ሂደት ውስጥ በማስገባት ከአቅራቢዎች ዋጋ ተሰብስቦ ውል እንዲፈረም ጥረት የተደረገ ቢሆንም በበጀት እጥረት ምክንያት ሊገዛ አልቻለም።» ትንፋሽሽ የት ላይ አለቀ? ለአብዛኛው ሰው «በበጀት እጥረት» አካባቢ ያልቃል። «ሊገዛ አልቻለም» የሚለው በሹክሹክታ ይወጣል። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው የሰማው «ዋጋ ተሰብስቦ»፣ «ጥረት የተደረገ» የሚለውን ነው፤ ማሽኑ እየተሠራ ነው ብሎ ይወጣል። አንቺ ተናግረሻል፣ እሱ ተቃራኒውን ሰምቷል።

ያንኑ ነገር እንዲህ በይው፦ «መለዋወጫው አልተገዛም። ዋጋ ሰብስበናል። ውል ግን አልፈረምንም፤ በጀት አልነበረም።» አራት ግስ፣ አራቱም ጎልተው የሚሰሙ። ድምፄ ደካማ ነው የሚሉኝን ብዙ ሰዎች ቀርቤ ስሰማቸው ድምፃቸው ደህና ሆኖ አገኘዋለሁ። ዓረፍተ ነገራቸው ከትንፋሻቸው ይረዝማል፣ በዚህም የተነሳ ጅራቱን ይውጡታል። ያንቺም መንቀጥቀጥ ከፊሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል፤ በባዶ ሳንባ የሚወጣ ድምፅ ይንቀጠቀጣልና። በአንድ ትንፋሽ የማይነገረውን ዓረፍተ ነገር ሁለት አድርጊው። የመጨረሻዋን ቃል ከፊተኞቹ እኩል ድምፅ ስጫት። ከዚያ አፍሽን ዝጊ፣ ተንፍሺ፣ ቀጥዪ። ያ ዝምታ ላንቺ ዓመት ይመስልሻል፤ ለአድማጩ ግን የሰማውን የሚያስቀምጥበት ጊዜ ነው። ቦታውን «እ…» ወይም «ማለት ነው» እንዳይወስድብሽ ብቻ ተጠንቀቂ።

ቁጥርን በተመለከተ፣ ሠንጠረዥ አታንብቢ። አንድ ቁጥር ምረጪና ሰው እንዲያየው አድርጊ። እምቦጭ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን የሚችል አረም መሆኑን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ግን «የስርጭት ምጣኔው ከፍተኛ ነው» ስትያቸው ምንም አያዩም። «ዛሬ አንድ ኳስ ሜዳ የሚያክል ከተውን፣ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ወር 16 ኳስ ሜዳ ሊሆን ይችላል» ብትያቸው የሰኔው ቀነ ገደብ ለምን እንዳስፈለገ ሳትከራከሪ ይገባቸዋል። የአሳ አስጋሪዎቹ ተወካዮች ደግሞ ሐይቁን በየቀኑ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና «ሥነ ምህዳራዊ ተፅዕኖ» ከማለት መረብ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ጀልባ ከዳር ለመውጣት እንዴት እንደሚቸገር ተናገሪ። የቢሮ ኃላፊውም ያንን ይረዳል። በኃላፊው ቋንቋ ብትናገሪ ግን አስጋሪው ላይረዳሽ ይችላል።

ስላይዱን በእንግሊዝኛ አድርጎ በአማርኛ መናገር እዚህ ከተማ በየአዳራሹ የማየው ልማድ ነው፣ እኔ ግን አልደግፈውም። ሰው እያነበበ በደንብ ማዳመጥ አይችልም። ሪቻርድ ሜየር የተባሉት የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ በተደጋጋሚ ባካሄዷቸው ሙከራዎች፣ በምስልና በንግግር የቀረበ ትምህርት ያው ንግግር በጽሑፍ ጭምር ስክሪን ላይ ሲደገም ከሚገኘው የተሻለ እንደሚገባ አሳይተዋል። ስክሪኑና አንደበትሽ ሁለት ቋንቋ ሲሆኑ ሸክሙ ይብሳል። ስለዚህ ስላይድሽ ከ7 አይብለጥ። አንዱ የሐይቁ ካርታ ይሁን፤ ከደምቢያ እስከ ፎገራ ባለው ዳርቻ አረሙ የት እንዳለ የሚያሳይ። አንዱ የቆመው ማሽን ፎቶ ይሁን፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖረው። ሌሎቹ ላይ አንድ አንድ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለአጋር ድርጅቶቹ የእንግሊዝኛውን ሰነድ በወረቀት ስጫቸው፣ በቂያቸው ነው።

ስላይድ ማጨቅ ቀላል ጉዳይ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ፈርሳ 7 ጠፈርተኞች አለቁ። ገና በረራ ላይ ሳለች መሐንዲሶች ክንፏን ስለመታው የጠጣር አረፋ (ፎም) ቁራጭ በፓወርፖይንት ለኃላፊዎች አቅርበው ነበር። የስላይዱ ርዕስ የሚያጽናና ነበር። የመታት ቁራጭ ከተሞከሩት ሁሉ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን የሚናገረው መስመር ግን ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከሌሎች ነጥቦች ሥር ተቀብሮ ነበር። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ይህን የአቀራረብ ልማድ ነቅፎታል። ያንቺ 29ኛ ስላይድ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው።

የፊደሉን ነገር አደራ። በቆየው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስላይድ ያ ፊደል በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈት የማይነበብ ይሆናል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያውቁት የፊደል ሥርዓት ጻፊ፣ በፒዲኤፍም አስቀምጪ። ከዝግጅቱ በፊት ባለው ቀን አዳራሹን ሄደሽ እይው። የሐይቅ ዳር አዳራሾች ሰፋፊ መስኮት አላቸው፤ የውኃው ነጸብራቅ ስክሪኑን ያደበዝዘዋል። መጋረጃው የሚዘጋ መሆኑን፣ አንቺ የምትቆሚበት ቦታ ስክሪኑን የማይጋርድ መሆኑን ተመልከቺ። ማይኩን ከአገጭሽ በታች አንድ ጭብጥ ርቀት ላይ ያዢውና አንድ ሰው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ የመጨረሻ ቃሎችሽ ይሰሙት እንደሆነ ጠይቂው። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማሽኑ መቆሙንና ዕቃው መፈለጉን ያለ ስላይድ መናገር መቻል አለብሽ። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በቃልሽ ያዢ፤ መሀሉን አትሸምድጂ፣ አንድ ቃል ሲጠፋብሽ ሁሉም ይጠፋብሻልና።

ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ልብሽ የሚመታው፣ አፍሽ የሚደርቀው፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጠው አድሬናሊን ስለሚለቀቅ ነው። ሰውነትሽ ለትልቅ ሥራ እየተነሳ ነው። ለብዙው ሰው ይህ ስሜት የሚበረታው ሊጀምር ሲል እና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፣ ከዚያ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ደቂቃ በቃልሽ እንድትይዢ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ ፍርሃትሽ አንቺ የምታስቢውን ያህል አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪ እና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች ጭንቀታቸው ለአድማጭ ከሚታየው በላይ የሚታይ እንደሚመስላቸው አሳይተዋል። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ደግሞ ካልተነገራቸው የተሻለ ተናግረዋል። ሁለተኛ፣ ራስሽን «ተረጋጊ» ብለሽ አትገሥጪ። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳየችው፣ ከንግግር በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ አቅርበዋል። የልብ ምቱ ያው ነው፣ የሚሰጠው ትርጉም ይለያል። ለእጅሽ መንቀጥቀጥ ስስ ወረቀት አትያዢ፤ ነጥቦችሽን የእጅ መዳፍ በሚያክል ወፍራም ካርቶን ላይ ጻፊ። ከመነሳትሽ በፊት ጥቂት ጊዜ ረዘም አድርገሽ ትንፋሽሽን አስወጪ።

ሥልጠና ላይ «ከመልእክት 93 በመቶው ድምፅና የሰውነት ቋንቋ ነው፣ ቃላት 7 በመቶ ብቻ» ብለውሽ ይሆናል። አትመኚው። አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሟቸው ጥናቶች የመረመሩት ቃልና ስሜት ሲጋጩ ሰው የተናጋሪውን ስሜት ከየት እንደሚገምት ነው፤ ስለ ሪፖርት አይደለም። እጅሽን የት እንደምታስቀምጪ እያሰብሽ አንድ ሳምንት አታባክኚ።

የዓይን ነገር ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ከአስተዳደጋችንም ይመጣል። ታላቅን ትኩር ብሎ ማየት ድፍረት ነው ተብለን አድገናል፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ይበልጥ ተጠንክሮ ይነገራል። መድረክ ላይ ግን ዓይኑን ከስክሪን የማይነቅል ሰው ጉዳዩን ያልያዘ ይመስላል። በመካከለኛው ረድፍ የምታውቂያቸውን ሦስት አራት ሰዎች ምረጪ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንዱ ጀምረሽ ለእሱ ጨርሺለት፣ ቀጣዩን ለሌላው። ጥያቄሽን የምታቀርቢበትን ዓረፍተ ነገር ግን በቀጥታ ለሚወስነው ኃላፊ ተናገሪ። በአክብሮት ቃና የተነገረ ነገር ዓይን ለዓይን ቢሆንም ድፍረት አይሆንም።

ልምምዱን አፍሽን ከፍተሽ፣ ቆመሽ አድርጊው፤ ስላይድ በዓይን እያገላበጡ መከለስ ልምምድ አይባልም። የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ መምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል፤ አገራችን በአፍ መታረምን የምታውቅ አገር ናት። አንቺም ከሥራሽ ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት አስቀምጠሽ ተናገሪ። ስትጨርሺ «እንዴት ነበር?» አትበይው፣ «ቆንጆ ነው» ይልሻል። «ምን እንዲደረግ ነው የጠየቅኩት?» በይው። ካልመለሰ መክፈቻሽን አስተካክዪ። በስልክሽም ቅጂና ስታዳምጪው የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ተከታተዪ። ከሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ጊዜ ባታገኚ እንኳ ይህን አንዱን አድርጊ።

ጥያቄና መልሱ ላይ ሰብሳቢው እንደ ልማዱ አምስት ስድስት ጥያቄ በአንድ ላይ ይሰበስባል። ጠያቂውንና ቁልፏን ቃል ብቻ ጻፊ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጊ፣ ከባዱን መጀመሪያ መልሺ። ከአስጋሪዎቹ «ስንት ዓመት አጨድነው፣ ለምን አያልቅም?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ጠብቂ። አረሙ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ይህን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፤ ሳያብብና ዘር ሳይጥል መንቀል ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ማሽኑም በወቅቱ መድረስ ለምን እንዳለበት የሚያስረዳልሽ ራሱ ነውና። የማታውቂው ከመጣ «ይህን አጣርቼ እስከ ዓርብ አሳውቃለሁ» በይና ዓርብ ደውዪ። አስተያየት ብቻ ለሰጠ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ይዤዋለሁ» ይበቃል።

ስለ ክኒኑ። ጓደኛሽ ያለችው ፕሮፕራኖሎልን ወይም የሱን ዓይነት መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ስለሚቀንስ ሐኪሞች ለመድረክ ፍርሃት የሚያዙለት ሰው አለ። ነገር ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የልብ ምቱ ወይም የደም ግፊቱ ዝቅተኛ ለሆነ፣ ለስኳር ታማሚም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም። ላንቺ ጉዳይ ያስፈልጋል ብዬ አላስብም፤ መወሰን ያለበት ግን የመረመረሽ ሐኪም ነው። ቢያዝልሽ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወስጂው ዝግጅቱ ባለበት ጠዋት አይሁን፤ ቀደም ብሎ ሥራ በሌለበት ቀን ወስደሽ ሰውነትሽ እንዴት እንደሚቀበለው እይ።